የአባባ ወይን ምን ይላል?

ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ምሽት

እጄ እስከ ክርኔ ወይንማ ሆኗል። ሁለቴ በሎሚ ፈተግኩት፤ እምቢ አለ። ነገ መ/ቤት ምን እንደምል እንጃ። አለቃዬ ደግሞ የጸሐፊ ጣት ማየት ይወዳል።

የዘንድሮውን ጨምቀን ጨረስን። የግቢያችን ሐረግ የሰጠን እንደ ወትሮው አንድ ሳህን የማይሞላ ነው፤ የቀረው ከአትክልት ተራ በሣጥን መጣ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አዛዥ፣ እኔና እህቴ ትዕግሥት ታዛዥ። (ከዚህ በኋላ ት. ብቻ ነው የምላት ደብተሬ፣ ጣቴ ዝሏል።) ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። አባባ ወይን የሚጥለው ሁልጊዜ በዚህ ቅበላ ነው። ሙያውን የለመደው ከድሮ ጎረቤታችን ነው፤ እዚሁ ካዛንቺስ ያረጀ አንድ ጣሊያን ነበር፣ ሲሞት ሦስት ደምጃን ለአባባ ትቶ ሄደ። ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ፣ ወገባቸው በሰሌን የተለበጠ ትልልቅ ጠርሙሶች። ሁለቱ ወይን ይይዛሉ፤ አንዱ ባዶውን ቆይቶ ለመገልበጫ ይሆናል። እኛ ቤት ከእማዬ ፎቶ ቀጥሎ የሚከበሩት እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ት. ለዳግማይ ትንሣኤ ታገባለች። ሽማግሌ የመጣ ዕለት አባባ ብድግ ብሎ በልጄ ሠርግ የሱቅ ወይን ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፣ የገዛ እጄን ነው የማጠጣችሁ አለ። ሰዎቹ ደስ አላቸው። እኔን ግን አሳሰበኝ። ቢኮመጥጥስ? ቃሉን የሰጠው በሁለቱ ቤተሰብ ፊት ነው።

አንድ ነገር ገረመኝ። አባባ ጭማቂው ላይ ጎንበስ በይና አሽትችው አለኝ። ሠላሳ አልፎኝ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ እዚህ ቤት አፍንጫ የሱ ብቻ ነበር። ምን ይላል? አለኝ። ጽጌረዳ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ አፈር ይላል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ ደብተሬ፣ አልዋሽህም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ይፈላል። ከደምጃኑ አፍ የወጣችው ቀጭን ቱቦ ጫፏ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተነክሮ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ጓዳው ሊጥ ሊጥ ይሸታል። ከሥራ ስመለስ አባባን ጆሮውን ደምጃኑ ላይ ለጥፎ አገኘሁት። የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም። ድሮ ጆሮ ሲሰጠው አላየሁም። እርጅና ነው እንግዲህ።

ደግሞ አናዶኛል። ምስር ወጤ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነሰ። ሽሮዬም ላይ። ትናንት ፓስታው ላይ! ጣዕም የለውም ይላል። ነሐሴ ላይ ያ ዝናብ የጣለ ቀን ደጃፍ ላይ አንሸራቶት የጭንቅላቱን ኋላ ተመትቶ ተሰፋ አላልኩህም? ከዚያ ወዲህ ምንም አይጥመውም። ቁስሉ ሽሯል፤ ነጭናጫነቱ ግን አለቀቀውም። የእማዬን ያህል እንደማልሠራ አውቃለሁ። ግን እኮ ውዬ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ደክሞኝ መጥቼ ነው። ት. ስታገባ እኔና እሱ ብቻ ልንቀር ነው። ሦስተኛችን ሚጥሚጣው።

ታኅሣሥ 12፣ እሁድ፣ ከሰዓት

የመጀመሪያው ቅምሻ። ጾም ስለሆነ ከቂርቆስ ቅዳሴ እስክንመለስ ጠበቅን። መጠጣት የለም፤ አፍ ውስጥ አዙሮ መትፋት ብቻ። ሙያ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም ይላል አባባ። ቄሱ ይህን ይስሙ አይስሙ አላውቅም።

ብርጭቆውን ለኔ ሰጠኝ። ቀድሜ እኔ። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ፤ ምላስ ላይ አስተኝተሽ፣ ትንሽ አየር ስበሽ፣ በአፍንጫ ማውጣት። የመጀመሪያውን አነቀኝና ሸሚዜ ላይ ተፋሁት። ት. መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ። በሁለተኛው ያዝኩት። ምን ይላል? እርሾ። ያልበሰለ ኮክ። ምላስ ይይዛል። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም፣ አልኩ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ድገሚው አለ። ጨፈንኩ። ከኋላ ዘይቱን የመሰለች ነገር ብቅ ብላ ሄደች። ነገርኩት። ፊቱ በራ። ዘይቱን ካለ ሰው ይሆናል፣ ተስፋ አለው አለና እሱም ቀመሰና ተፋ።

ደብተሬ፣ አባቴ አስተማሪ መሆን የነበረበት ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት አቧራ በላ። ዛሬ ግን አንድ ተማሪ አገኘ፣ እኔን። ማታ ሽሮው ላይ ሚጥሚጣ ሲነሰንስ እንኳ አልተናደድኩም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ ቃና ዘገሊላ

እግሬ አልቋል። ትናንት ታቦት ሸኝተን፣ ዛሬ ደግሞ ከሚካኤል ጋር። ከዚያ ወደ ቤት፣ ምክንያቱም አባባ በየዓመቱ ሁለተኛውን ቅምሻ የሚያደርገው በቃና ዘገሊላ ነው። ጎረቤት ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጉንጭ። ውሃውን ወይን ያደረገ አምላክ የኛን ወይን ውሃ እንዳያደርግብን ብሎ ይቀልዳል፤ በየዓመቱ ያንኑ ቀልድ፣ በየዓመቱ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ወይኑን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ፍርዱን ይሰጣል። የድሮ የጠጅ አሳላፊ ደንብ ነው፤ ያልቀመሱትን ለሰው አይሰጡም። ሰው ዝም ብሎ አፉን ያያል። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን ዝምታ እወዳት ነበር።

ዘንድሮ ሰው ሳይመጣ ጓዳ ጠርቶ አቀመሰኝ። ምን ይላል? ቀጠን ብሏል፣ ጎምዛዛነቱ ጥርስ ያቀዘቅዛል፣ ከኋላው ግን ዘይቱኗ ጎልታለች አልኩ። ጎረቤት ሲሰበሰብ አባባ መዳፉን ላሰና፣ ቀጠን ብሏል፣ ጥርስ ያቀዘቅዛል፣ ከኋላው ግን ዘይቱን አለ፣ አላቸው። ቃል በቃል! በፊቴ! ሰው ሁሉ አይ ጋሼ፣ አፍንጫ እኮ ነው የሰጠዎት አሉ። እኔን ማንም አላየኝም። እትዬ አስካለ ደግሞ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤታችን፣ አንቺም ከአባትሽ ብትማሪ ምናለ አሉኝ።

ተናድጃለሁ። አስተማሪ የተማሪውን መልስ ይሰርቃል እንዴ?

ጥር 24፣ እሁድ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬ መገልበጫ ቀን ነው። ወይኑ ከዝቃጩ ተለይቶ በቱቦ ወደ ባዶው ደምጃን ይሄዳል፤ የተለቀቀው ታጥቦ የሁለተኛውን ይቀበላል። ትናንት ባዶውን ሳጥብ እትዬ አስካለ መጥተው አንቺ ሥራ አለሽ፣ እኔ ልጨርስልሽ ብለው ወሰዱት። ለት. ሠርግ ጠላውን የሚጠምቁት እሳቸው ናቸው፤ ለኛ የማይሆኑት ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት መለሱት። አብረቅርቋል። አባባ ተቀበላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ።

እኔ ከበሩ ሳልገባ ሸተተኝ። ወይራ። ወለል ያለ የወይራ ጭስ። የጠላ ጋን እንደሚያጥኑት ደምጃኑን አፉን ዘቅዝቀው ሲያጥኑት አድረዋል፤ ደግ አደረግሁ ብለው። ጓዳው ጠላ ቤት መስሏል።

አባባ ደንቡን አደረገ። አፍንጫውን ደምጃኑ አፍ ላይ ደቅኖ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ንጹሕ ነው፣ አለ።

እየቀለደ መሰለኝ። ልስቅ ነበር። ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ቱቦውን አፉ ላይ አድርጎ ሳበና ወይኑን ለቀቀው። ወይኑ ይወርዳል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። አባባ አይሸተውም። አይሸተውም! ሚጥሚጣ የሚነሰንሰው ለዚህ ነው፤ ከሚበላው ሁሉ የሚሰማው ማቃጠሉ ብቻ ስለሆነ። ባለፈው ወተቱ ገንፍሎ ቤቱ ሲጨስ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ጆሮውን ለደምጃን የሰጠው ለዚህ ነው። ምን ይላል፣ ምን ይላል የሚለኝ ለዚህ ነው። ሊያስተምረኝ አልነበረም። እኔን ነበር የሚያሸትብኝ።

ሁለተኛው ደምጃን በደህና ተገለበጠ። ስለዚህ አሁን ሁለት ወይን አለን። በበሩ በኩል ያለው ደህና ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጭስ ጠጥቷል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

የካቲት 1፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ጠራኝ። በመጀመሪያ የበሩን። እውነቱን ነገርኩት፤ እየለዘበ ነው። ከዚያ የመስኮቱን። አፌ ውስጥ ስይዘው ጭሱ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ምን ይላል?

ዓይኑን አየሁት። ልክ እንደ በሩ ነው፣ አልኩ።

ምን ልበል? አባባ አፍንጫህ ሞቷል፣ የሠርጉ ወይን ተበላሽቷል፣ አንተም ሳታውቅ ጨሰ ልበለው? ከሥራ ወጥቶ ጡረታ ሲገባ ምን ቀረው? ይሄ ጓዳ ነው የቀረው። ቀስ ብዬ መላ እፈልጋለሁ ብዬ ነው። ወይን እየቆየ ጭሱን ይተው ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይል የለ ራሱ፣ ወይኑ ሲደፈርስ?

እሱ ግን እጁን አሸት አደረገና፣ እንግዲያው ተመሳስለዋል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት በቅበላ እናዋህዳቸዋለን፣ ዓቢይ ጾምን አብረው ይጹሙ አለ። በየዓመቱ ያደርገዋል፤ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ እስከ ፋሲካ ማስተኛት። ረስቼው ነበር።

ጉድ ፈላ። ከተዋሃዱ ደህናውም ጨሰ ማለት ነው። በገዛ ምላሴ።

የካቲት 8፣ እሁድ፣ ማታ

ሳምንቱን ሙሉ ሰበብ ስፈጥር ከረምኩ። ዘንድሮ ሳናዋህድ ብንተውስ አባባ? ለምን? እንዲያው። እንዲያው ብሎ ነገር የለም። ደምጃኑ የተሰነጠቀ መሰለኝ። መጥቶ በጣቱ ቆረቆረው፤ ድምፁ ደህና ነው አለ። በጆሮ እንኳ አልቻልኩትም።

ለት. ነገርኳት። ማወቅ አለባት፣ ሠርጉ የሷ ነው። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ለሠርጉ የገዛችውን ሽቶ አንገቷ ላይ ረጭታ አባባ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። ድሮ ቢሆን ስለ ሽታው ቤቱን በወሬ ይሞላው ነበር። ምንም አላለም። ተመልሳ መጥታ አልጋዬ ላይ ተደፋች።

ከዚያ ግን ተጣላን። በቃ ይዋሃድ ትላለች። እንዲያውም ጠላ የለመደ ሁላ ይወደዋል፣ ድንኳን ውስጥ ማን ያጣጥማል ትላለች፤ የአባባን ቅስም አትስበሪው። እሺ፣ መዳፉ ላይ አፍስሶ በሰው ሁሉ ፊት ንጹሕ ነው ሲል ሁሉም ደግሞ ጭስ ሲቀምስ? አልኳት። ያኔ በሰው ፊት ነው የሚሰበረው። አማቾቹ ፊት። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አለችና ዞራ ተኛች።

ታላቅነት ትዝ የሚላት እንዲህ ሲሆን ነው።

የካቲት 15፣ እሁድ፣ ቅበላ

ነገርኩት።

ቱቦው እጁ ላይ ነበር። አንዱ ጫፍ የመስኮቱ ደምጃን ውስጥ ገብቷል፤ አፉን ሊያስጠጋ ነው። እጁን ያዝኩት። አባባ፣ ይሄኛው ጭስ ጭስ ይላል፣ አልኩ።

ቆመ። ቱቦውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ብዙ? አለ። ብዙ። ከመቼ ጀምሮ? ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ እትዬ አስካለ፣ ወይራው፣ ንጹሕ ነው ያለበት ቀን። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እንዴት እኔ አልሸተተኝም አላለም። እንዴት አወቅሽብኝም አላለም። ለካ ከመስከረም ጀምሮ ያውቃል። ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ነርቭ ነው፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብለውታል። ጎምዛዛና ጣፋጭ ምላሱ ይለያል፤ የቀረው ሁሉ ውሃ ነው። ለኛ ያልነገረን እንደ በሽተኛ እንዳናየው፣ የልጁን ሠርግ ወይን ከእጁ እንዳንወስድበት ነው።

ታዲያ የካቲት አንድ ቀን ልክ እንደ በሩ ነው ለምን አልሽኝ? አለኝ። እንዳትሰበር ብዬ ነው አልኩት። ያኔ ቀና ብሎ የተናገረውን አልረሳውም፦ «አፍንጫዬ እንደሄደ አውቄው ነበር። በአንቺ ነበር የቆምኩት። አንቺም እንደሄድሽ ግን አላወቅሁም።»

ጓዳውን ዘግቶ ወጣ። ሳይዋሃዱ ቀሩ። ት. የቅበላ ክትፎ ከቄራ አምጥታ ነበር፤ ማንም በአግባቡ አልነካውም።

የካቲት 29፣ እሁድ

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ከተዘጋ ወዲህ አልጠራኝም። ለቅዳሴ እሱ ቀድሞ ይወጣል፣ እኔ ኋላ እከተላለሁ። ሚጥሚጣም ትቷል፤ የሰጠሁትን ዝም ብሎ ይበላል። ይሄ ይብሳል። ሚጥሚጣውን ራሴ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። አልነካውም።

ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሠራሁት ግን በደግነት ነው። እትዬ አስካለም በደግነት ነው። በደግነት ስንት ነገር አበላሸን በዚህ ቤት!

መጋቢት 13፣ እሁድ

ጉድ ልንገርህ።

ከቂርቆስ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እየጠበቀኝ። ታክሲ እንያዝ አልኩ፤ በእግር እንሂድ አለ። ትንሽ ሄድንና፣ ወደ ፊቱ እያየ፣ ሰፈሩ ምን ይሸታል? አለኝ።

መለስኩለት። አሁን ዳቦ ቤት እያለፍን ነው፣ ከታች ቂጡ ያረረ ዳቦ ይሸታል። አሁን የሚኒባስ ጭስ። እዚህ ቦይ አለ፣ አፍንጫ አይስጥህ። አሁን አንዲት ሴትዮ አለፈች፣ ነጠላዋ የቤተ ክርስቲያን ዕጣን ይዟል። ከዚያ ነፋሱ ዞረና የቄራ ሽታ መጣ፣ ያንን አንተም ታውቀዋለህ ደብተሬ። ቄራ መጣብህ አልኩት። ይሄስ ባይመለስም ግድ የለኝም አለና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ። መስቀል አደባባይን አቋርጠን ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ስንወጣ ክንዴን ይዞ ነበር።

ቤት ስንደርስ ቁልፉን አወጣ። አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ፤ ደግ እንዳልሆን። ማር ከሆነ ማር፣ እሬት ከሆነ እሬት። ማልኩ። ቀመስኩ፣ ተፋሁ፣ ነገርኩት። የበሩ፦ ጎምዛዛው ሰክኗል፣ ዘይቱኗ ክብ ሆናለች፣ ምላስ መያዙን ትቷል። የመስኮቱ፦ ጭሱ አለ፣ ግን አይጮህም፤ ፊት ይመጣ ነበር፣ አሁን ኋላ ነው የሚመጣው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። የበሩ ደርሷል፣ ከእንግዲህ አትነካኪው አለ። የመስኮቱ ጭሱ እንደማይለቀው፣ ግን ሌላው አካሉ ሲበረታ ሊሸከመው እንደሚችል አስረዳኝ። ቃሉ የኔ፣ ትርጉሙ የሱ። እንዲህ እንደሚሠራ ብናውቅ ኖሮ ጥንት እንጀምረው ነበር።

እራት ላይ ሚጥሚጣ ጠየቀኝ። ሙሉ ዕቃውን ሰጠሁት።

ሚያዝያ 11፣ እሁድ፣ ፋሲካ

ዶሮው፣ ዳቦው፣ እንግዳው፤ ወገቤ ተቆርጧል። ባጭሩ ልጻፍ።

ዛሬ መትፋት የለም። ጠጣን! የበሩ ኩራት ነው። የመስኮቱ... ደብተሬ፣ መጥፎ አይደለም። ወይን ነው ብሎ ለለመደ ግን ግር ይላል። ት. አንድ ጉንጭ ቀምሳ ፊቷን ጨፍግጋ፣ ሁለተኛውን ግን ሳትጠየቅ ቀዳች።

አባባ የመስኮቱን ብቻውን ለማቅረብ ቆርጧል። የበሩ ብቻውን ድንኳኑን አያዳርስም፤ የሱቅ ወይን ደግሞ አይገባም ብሎ ምሏል። ተዋህዶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ባጣሁ ነበር አለና ወደኔ አየ። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፤ ከዚህ በላይ አይወጣውም።

አንድ ጭንቀት ቀረ። መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ፍርዱን መስጠት ያለበት እሱ ነው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ቃሉን በሰጣቸው ሰዎች። ጠዋት እነግርሃለሁና አንተ በላቸው አልኩት፣ እንደ ቃና ዘገሊላው። እናያለን አለ። እናያለን ሲል ደስ አይለኝም።

ሚያዝያ 18፣ እሁድ፣ ጎህ ሲቀድ

ሠርጓ ዛሬ ነው። ት. ፀጉሯን ተሠርታ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች፣ እንዳይበላሽባት። እትዬ አስካለ ከሌሊት ጀምሮ ጠላ ያጠላሉ። አባባ ሱፉን ለብሶ ጓዳ ውስጥ ደምጃኖቹን እየጠራረገ ነው። ምን ልትል ነው? አልኩት። ክራቫቴን እሰሪልኝ አለኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ት. ሄደች። መኪናው ሲነሳ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያውም ያረፈችው መገናኛ ነው፣ አንድ ታክሲ።

ስለ ትናንቱ። ድንኳኑ ሞልቷል። የወንድ ወገን ሽማግሌዎች ፊት ለፊት። አባባ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተነሳ፤ ሰው ፀጥ አለ፣ ያቺ የልጅነቴ ፀጥታ። መዳፉን ይዘረጋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሂሩት፣ ነይ ብሎ ጠራኝ። እጄን ይዞ ገለበጠውና መዳፌ ላይ ጠብ አደረገ። ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አላቸው፦ ከነሐሴ ወዲህ አፍንጫዬ አይሠራም፤ የዘንድሮውን ወይን ያደረሰችው የልጄ ምላስ ነው፣ ፍርዱንም የምትሰጠው እሷ ናት። እንደ ቀላል ነገር አለው።

ምን ይላል? አለኝ።

ቀመስኩ። ጎምዛዛው ሰክኗል፣ አልኩ፤ ዘይቱን አለው፣ ለዛ አለው፣ ደርሷል። አጨበጨቡ። ከዚያ የመስኮቱን ጠብ አደረገልኝ። ደግ እንዳልሆን ምያለሁ። ይሄኛው የወይራ ጭስ አለው፣ አልኩ፤ ደምጃኑ በስሕተት ታጥኖ ነው፤ የሚወድ ይወደዋል፣ ያልወደደ የፊተኛውን ይጠጣ። ከዚያ ከኋላ፣ ከጠላው ጋን አጠገብ፣ እትዬ አስካለ በኩራት፦ «ምን ስሕተት አለው! በወይራ ያጠንኩት እኔ ነኝ!» ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። የሙሽራው አጎት ጭሱን ግማሽ ጠጥተው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት፤ አይቻቸዋለሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግን ድገሙን አሉ። አባባን አንድም ሰው ወይኔ ብሎ አላዘነለትም። አልለመነማ።

አሁን ቤቱ ባዶ ነው። ደምጃኖቹን አጥቤ ደፍቻቸዋለሁ፤ ለእትዬ አስካለ አልሰጠሁም። ኅዳር ላይ አትክልት ተራ የምወርደው እኔ ነኝ፣ ሣጥኑን አሽትቼ የምመርጠው እኔ ነኝ። ወስኛለሁ። አባባ ዋጋ ይከራከራል።

ከበሩ ደምጃን አንድ ጠርሙስ ቀርታ ነበር። አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ አምጥቶ ለሁለታችን ቀዳ። ሳይጠጣ ጠበቀኝ። ቀምሼ ነገርኩት፤ በደንብ፣ ሳልቸኩል። ዘይቱኗን። የግቢያችን ሐረግ ቅጠል ፀሐይ ሲመታው የሚሸተውን። ከሁሉ ኋላ ደግሞ ያ ኅዳር ላይ ያሸተትኩት እርጥብ አፈር፣ አሁንም ከሥሩ እንዳለ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ከዚያ ብርጭቆውን አነሳና ጠጣ። አፉ ውስጥ አቆየው። ዋጠ።

እንዳልሽው ነው፣ አለ።